የእናቴን የአልትራሳውንድ ውጤት የሚያስረዳኝ ሐኪም እፈልጋለሁ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሀዋሳ ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ የወር አበባዋ ከቆመ ሰባት ዓመት አልፏል። ሁለት ወር ያህል ከእምብርቷ በታች ሲነፋትና ሽንት ቶሎ ቶሎ ሲያስቸግራት ብርድ ነው ብላ አሳለፈችው። እኔም አመንኳት፤ ይህ አሁን ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሳምንት አልትራሳውንድ ተነሣች። ሐኪሙ ጋር ለመቅረብ ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀረናል። ወረቀቱን መዝገበ ቃላት ይዤ ስፈታው እንዲህ ይላል፦ ከማህፀን በስተግራ 7.4 በ6.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈሳሽ የቋጠረ እባጭ አለ፤ በውስጡ አንድ ቀጭን ግድግዳ ይታያል፤ ጠጣር ክፍል የለውም፤ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ የለም፤ የግራው የእንቁላል ማምረቻ ተለይቶ አልታየም። መጨረሻ ላይ ሲኤ 125 የተባለ የደም ምርመራና ኤምአርአይ ይመክራል።

የእንቁላል ማምረቻው ካልታየ እባጩ ከማህፀን ቱቦው የተነሣም ሊሆን ይችላል ማለት ነው? ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ ጠጣር ነገር አለመኖሩ ደግ ምልክት ነው ብላኛለች። ታዲያ ከካንሰር ጋር ስሙ የሚነሣው የደም ምርመራ ለምን ተጠየቀ? በሌላ ሕመም ምክንያትም ከፍ ይላል ይባላል፤ በእናቴ ዕድሜ ምን ያህል ይታመናል? ኤምአርአዩንስ ከቀጠሮው በፊት ብናስነሣ ይሻላል?

እናቴ እንግሊዝኛ ስለማታነብ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ የምነግራት አጣሁ። ደግሞ እባካችሁ፣ ቀጠሮ ሳንጠብቅ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዣት እንድሮጥ የሚያስገድደኝ ምልክት የትኛው ነው?