ለመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ዘላቂ የጤና ፕሮግራም ከየት ልጀምር?

የካዛንቺሷ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ይውላል፣ "ወገቤን፣ አንገቴን" የሚለው በዝቷል። አለቆቼ የጤና ቀን እናክብር ይላሉ፤ እኔ ግን ቲሸርትና ኬክ ሳይሆን ለዓመታት የሚዘልቅ ነገር ነው የምፈልገው። በጀቱ ትንሽ ነው።

ነርሷ፦ እህቴ፣ ደም ግፊት በመለካት ጀምሪ፣ ብዙ ወጪ የለውም። ግን ሰው ደረጃ ወጥቶ ቡናውን ጠጥቶ እንደመጣ አይለካ። አምስት ደቂቃ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ ይቀመጥ፣ ክንዱ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ወሬም አይኑር። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ቀን ይደገም፣ ካልወረደ ሐኪም ይየው። ውጤቱ ደግሞ አለቃ ጋ በፍጹም እንዳይደርስ! አንዴ ከወጣ ማንም አይመጣልሽም።

ከሜክሲኮ፦ የሥራ ሰዓቱንም እዪው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በየቀኑ እያመሸ ለሚሠራ ሰው ዮጋ ብታመጪለት ምን ይፈይድለታል? መጀመሪያ ማምሸቱ ይቁም፣ የዓመት ፈቃዱንም በጊዜው ይውጣ።

እግረኛው፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቡድን ሆናችሁ ወደ መስቀል አደባባይ ወረድ ብላችሁ ተመለሱ፣ ወጪ የለውም። በጾም ወቅት ግን የምሳ ሰዓቱን ተዪው፣ የሚጾመው ገና ምንም አልቀመሰም። ጠዋት ይሻላል።

የካዛንቺሷ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ስብሰባ አለን፣ የማምሸቱን ነገር አስቀድሜ አነሳዋለሁ።