የታብሌት የማስታወስ ምዘና ደሴ ላይ፦ ጤነኛውም ለምን "ዝቅተኛ" ይወጣል?

ጦሳ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎችን የመርሳት በሽታ ጀምሯቸው እንደሆነ በታብሌት እየለየን ነው። አፑ ወደ አማርኛ ተተርጉሟል፣ ነጥቡንም ራሱ ይደምራል። ችግሩ፣ የእድሩን ሒሳብ ያለ ደብተር የሚያስታውሱ እማማዎች ሳይቀሩ ከመቁረጫው (ጤነኛ ለመባል ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ ነጥብ) በታች ይወርዳሉ። ነጥብ የሚያልቅባቸው ቀን፣ ሰዓት መሳልና ፊደል (በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት መጥራት) ላይ ነው። መቁረጫውን ዝቅ እናድርገው?

ቦርከና፦
መቁረጫውን አትንኩት፣ መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ፈትሹ። አፑ ቀኑን ከታብሌቱ ሰዓት ወስዶ የሚያርም ከሆነ የሚጠብቀው የፈረንጅ ዓመት ነው። ከእኛው በ7 ወይም በ8 ይበልጣል፣ ወሩና ቀኑም አይገጥምም፤ በትክክል የመለሰው ሁሉ ስህተት ይባላል። ራሱ ማረሙን አጥፉና ጠያቂው በእጁ ይሙላ።

ሰዓት መሳሉ ላይ ተርጓሚዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት አለ። መመሪያው 11፡10 አስይዙ ይላል፤ "ወደ እኛ ሰዓት እንመልሰው" ብለው 5፡10 ያደርጉታል። ያኔ ሁለቱም ቆጣሪዎች ቀኝ ወገን ይውላሉ፣ የሥዕሉን ግራ ችላ የሚል ሰው ሳይታወቅ ያልፋል። "አስራ አንድ ሰዓት ከአስር" ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀን ይሁን ማታ ማንም አይጠይቃችሁም። ደቂቃ ቆጣሪውን 2 ላይ ማድረግ ትቶ 10 ላይ የሚያሳርፍ ሰው ካገኛችሁ ልብ በሉት፣ ጥያቄው ሊያጋልጥ የሚፈልገው ይህንኑ ስህተት ነው።

የፊደሉን ጥያቄ በአንድ ደቂቃ የእንስሳት ስም መጥራት መተካት ይቻላል። ግን ጥያቄ ከቀየራችሁ የድሮው መቁረጫ አብሮ ይፈርሳል።

ሆጤ፦
ለዚህ ነው ሞካን (MoCA፣ እነዚህ ጥያቄዎች ያሉበትን የማስታወስ ምዘና) ጠጋግኖ ከመጠቀም ሌላ መያዝ የሚሻለው። ሞካ ከ30 ነጥብ 26 ይጠይቃል፣ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ 1 ነጥብ ይጨምራል። ጨርሶ ትምህርት ቤት ላልገባች እናት 1 ነጥብ ምን ይሠራላታል? አይዲያ (IDEA) የሚባለው ምዘና ታንዛኒያ ገጠር ውስጥ ነው የተሠራው፦ 6 ጥያቄ፣ 15 ነጥብ፣ ማንበብ መጻፍ የለበትም። ሥዕል በማስገልበጥ ፋንታ የክብሪት እንጨት ያስደረድራል። 7 እና ከዚያ በታች ከወጣ ወደ ሐኪም ይላካል።

ስክሪኑም ራሱ ያሳስታል። እርሻ የሠራ ጣት ሸካራና ደረቅ ስለሚሆን ንክኪው ሁልጊዜ አይሰማም፤ ደግሞም ጣታቸውን ሳያነሱ ተጭነው ሲቆዩ ሌላ ሜኑ ይከፈታል። የስክሪን ብዕር ስጡ፣ ነጥብ የማይያዝበት የ5 ደቂቃ ልምምድ አስቀድሙ። መነጽራቸውን ረስተው ከመጡ ለሌላ ቀን ቅጠሩ። ጆሮ የሚከብዳቸው ሰዎች እንዲያስታውሱ የተነገራቸውን ቃል ያልያዙት ስላልሰሙት ሊሆን ይችላል፣ ወዲያው አስደግሟቸው።

አብሯቸው የሚኖር ሰው ካለ ኤዲ 8ን (AD8፣ ለዚያው ሰው የሚቀርብ መጠይቅ) ጨምሩበት፦ 8 ጥያቄ፣ ባለፉት ዓመታት ለውጥ አለ ወይስ የለም የሚል። 2 ወይም ከዚያ በላይ "አዎ፣ ተለውጧል" ከሆነ ያሳስባል። ድሮም ገንዘብ ይዘው የማያውቁ አባባ አሁን ሒሳብ አይችሉም ማለት ለውጥ አይደለም። የእድር መዋጮ መክፈላቸውን ረስተው ደግመው የሚከፍሉ ከሆነ ግን ነው።

ጦሳ ማዶ፦
በጣም አመሰግናለሁ። በየወሩ ብንደግመውስ?

ቦርከና፦
አይሆንም፣ ቃላቱን ይለምዷቸዋል። ነጥቡ ይወጣል፣ እናንተም የተሻላቸው ይመስላችኋል። ቢያንስ 6 ወር ቆይታችሁ በሌላ የቃላት ዝርዝር፣ በዚያው ታብሌት፣ ጠዋት ላይ። በረመዳንና በሁዳዴ ከሰዓት አትቅጠሩ፤ የተራበና እንቅልፍ ያጣ ሰው ትኩረቱ ይወርዳል።

ሆጤ፦
ዝቅ ብሎ የወጣውን ሁሉ "አልዛይመር" እንዳትሉት። ድብርት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ መድኃኒትም እንዲሁ ያደርጋል፤ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ በሉ። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት የተምታታባቸው ከሆነ ደግሞ ምዘናውን ተዉትና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።