ጥያቄ፦ ከአሮጌ ጋዜጣ የሚታጠፍ ኮፍያ ለልጆች ራስ እንዲሆን ወረቀቱ እንዴት ይለካል?

ጠያቂ

ውድ አባላት፣

የሕፃናት መምህርት ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት 28 ልጆች ለሚያሳዩት አጭር ትርኢት ከአሮጌ ጋዜጣ የታጠፈ ኮፍያ ማዘጋጀት አለብኝ። በልጅነቴ ይህን ኮፍያ ደጋግሜ ስለሠራሁት ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ነገር ግን እስካሁን ሦስት ሠርቼ ሦስቱም አልሆኑልኝም።

የሠራሁት እንዲህ ነው። ታብሎይድ ከሚባለው አነስተኛ ጋዜጣ አንዱን ድርብ ወረቀት መዝዤ ዘረጋሁትና በመሃሉ ባለው በራሱ እጥፋት መልሼ አጠፍኩት። እጥፋቱን ወደ ላይ አድርጌ ሁለቱን የላይ ማዕዘኖች መሃል ላይ አገናኘኋቸው፤ ከዚያም ከግርጌ ከተረፉት ሁለት ንብርብሮች አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ ወደ ላይ አጠፍኩ። ቅርጹ ትክክለኛ ኮፍያ ነው፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ልጅ ሲያጠልቀው ቅንድቡን አልፎ አፍንጫው ላይ ቆመ። እሱ እጅግ ደስ ብሎታል፣ እኔ ግን መንገዱን ሳያይ በመድረክ ላይ እንዴት ይራመዳል ብዬ ተጨነቅሁ። ራሱን በሜትር ስለካው ዙሪያው 51 ሴንቲሜትር ነው። ሁለተኛው ኮፍያ ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ላይ እጥፋቱን ሳላስተውል ወደ ታች አድርጌ ስለጀመርኩ ጫፉ ተከፍቶ ቀረ፤ ከግርጌም ለሁለት የሚከፈል ወረቀት አጣሁ። በዚህ ሁሉ ላይ የጋዜጣው ቀለም የልጁን ግንባር አጠቆረው።

ሳልቆርጥና ሳላጥፍ መጠኑን አስቀድሜ የማሰላበት መንገድ ካለ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ለልጆች ስለሆነ ስፒልና ስቴፕለር መጠቀም አልፈልግም፤ ጋዜጦቹ መስኮት ሥር ለዓመታት ተከምረው የቆዩ መሆናቸውንም ልጨምር።

የመጀመሪያው መልስ

ውድ መምህርት፣ የመጀመሪያው ኮፍያዎ አተጣጠፍ ምንም እንከን የለበትም። ችግሩ ያለው በወረቀቱ ስፋት ነው።

ከላይ የሚሆነውን የእጥፋት ርዝመት ልብ ይበሉ። ይህ ርዝመት ማዕዘኖቹ ወደ መሃል ሲታጠፉ የሚፈጠረው ሦስት ማዕዘን ግርጌ ይሆናል፤ ኮፍያው ደግሞ ፊትና ኋላ ስላለው፣ አፉ ሲከፈት ዙሪያው የዚሁ ርዝመት ሁለት እጥፍ ነው። የታብሎይድ ጋዜጣ አንዱ ገጽ ብዙውን ጊዜ ወደ 28 በ43 ሴንቲሜትር ይሆናል። እርስዎ ድርቡን ወረቀት በራሱ እጥፋት ስላጠፉት ከላይ የዋለው የ43 ሴንቲሜትሩ ጎን ነው፤ የኮፍያው አፍም 86 ሴንቲሜትር ሆነ ማለት ነው። 51 ሴንቲሜትር የሆነ ራስ በእንዲህ ያለ አፍ ውስጥ ገብቶ አፍንጫ ላይ መቆሙ እንኳ ኮፍያው ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ ነው እንጂ ትከሻ ላይ በደረሰ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ራሱን ከቅንድብ በላይ በማጅራት ዞረው ይለኩ፤ ያገኙትን ለሁለት ይክፈሉና ለልጅ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር፣ ለአዋቂ 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ይጨምሩበት። ጭማሪው የሚያስፈልገው ኮፍያው እንደ ድንኳን ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ አፉ ልክ የራሱን ያህል ከሆነ ራስ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ነው። ለ51 ሴንቲሜትር ራስ የሚያስፈልገው እጥፋት 28 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም በአጋጣሚ የታብሎይዱ ገጽ ስፋት ነው። እንግዲህ ድርቡን ወረቀት በመሃል እጥፋቱ ላይ ለሁለት ቆርጠው፣ አንዱን ቅጠል የላይ ጠርዙ የታች ጠርዙን እንዲነካ አድርገው ያጥፉት። ከእጥፋቱ በታች 21 ተኩል ሴንቲሜትር ቁመት ይኖርዎታል። ማዕዘኖቹን ወደ መሃል ሲያጥፉ ሦስት ማዕዘኑ 14 ሴንቲሜትር ይወስዳል፤ የሚተርፈው 7 ተኩል ሴንቲሜትር ለክፈፉ፣ ማለትም ከግርጌ ወደ ላይ ለሚታጠፈው ጠርዝ ነው።

ክፈፉን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ላይ አያጥፉት፣ ይፈታልና። መጀመሪያ የወረቀቱን የታች ጠርዝ እስከ ሦስት ማዕዘኑ ግርጌ ድረስ ያምጡና ያጥፉ፤ ከዚያ በዚያው በግርጌው መስመር ላይ እንደገና ወደ ላይ ያጥፉት። ወደ 4 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ድርብ ቀበቶ ይሠራል፤ የማዕዘኖቹን ጫፍ ከሥሩ ይዞ ስለሚያስቀር ሙጫም አያስፈልገውም። ወረቀቱን ገልብጠው በኋለኛው ንብርብር ላይም ይህንኑ ይድገሙት።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። መሃሉን ለማግኘት ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ አጥፈው መስመር አያውጡበት፤ የግራና የቀኝ ጠርዞቹን በስሱ አጠጋግተው እጥፋቱን ከላይ ብቻ በሁለት ጣት ቆንጠጥ ያድርጉት። ማዕዘኖቹም መሃል ላይ ሲገናኙ በመካከላቸው 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ክፍተት ይተዉ። ከተደራረቡ ጫፉ ይጨማደዳል፣ የተጨማደደ ጫፍ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀደደው እሱ ነው።

ስለ ብዛቱ ከተጨነቁ፣ ባለ 24 ገጽ ጋዜጣ 12 ቅጠል ይወጣዋልና ሦስት ጋዜጣ ለ28 ልጆች በቂ ነው። ሁለት ቅጠል ደርበው ኮፍያውን ማጠንከር ከፈለጉ ግን አምስት ጋዜጣ ያስፈልግዎታል።

ሁለተኛ መልስ

ስለ ተሰነጠቀው ኮፍያ ብቻ ልናገር። ጋዜጣ የሚታተምበት ወረቀት የእንጨቱን ሊግኒን (ቃጫዎቹን አጣብቆ የሚይዘውን ንጥረ ነገር) ይዞ የቀረ ርካሽ ወረቀት ስለሆነ፣ ብርሃን ሲያገኘው ይቢጫል፤ እየደረቀም ይሰባበራል። መስኮት ሥር ለዓመታት የከረመ ጋዜጣ ሲታጠፍ ቃጫው የሚሰበረው ለዚህ ነው። ከክምሩ ላይኛውን ትተው ከመሃል ያለውን፣ ከእያንዳንዱ ጋዜጣም የውስጡን ወረቀት ይምረጡ፤ ከተቻለ ደግሞ ጥቂት ሳምንት ብቻ የሆነው ይሻላል። ማዕዘኑን አንድ ጊዜ አጥፈው፣ ዘርግተው በተቃራኒው መልሰው ሲያጥፉት እጥፋቱ ላይ ከተሰነጠቀ ያ ወረቀት ለኮፍያ አይሆንም።

ወረቀት የቃጫ አቅጣጫ እንዳለውም ይወቁ። ከዳር ጠባብ ቁራጭ ቀድደው ይሞክሩት፤ በአንዱ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ በሌላው ይጣመማል። ቀጥ ብሎ በሚቀደድበት አቅጣጫ የሚታጠፍ እጥፋት ንጹሕና ቀጥ ያለ ስለሚሆን፣ የላይኛው ዋናው እጥፋት በዚያ አቅጣጫ ቢውል ጥሩ ነው። ቅጠሎቹን በመሃል ሲለያዩም በእጅ አይቅደዱ፤ ምላጭ ወይም መቀስ ይጠቀሙ።

ሦስተኛ መልስ

እኔ ደግሞ የሠሩትን ትልቁን ኮፍያ ይጣሉት ብዬ አልመክርም። የፊቱን ክፈፍ ካጠፉ በኋላ ኮፍያውን ገልብጠው ግራና ቀኙን ጎን ወደ ኋላ ገጽ ትንሽ ትንሽ ያጥፉና፣ የኋላውን ክፈፍ በላዩ ላይ አጥፈው ያስሩት። አፉ የፈለጉትን ያህል ይጠባል። እኔ ለልጆቼ ሁልጊዜ የምሠራው እንዲህ ነው፣ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።

አራተኛ መልስ

የሦስተኛው መልስ ሰጪ ሐሳብ መልካም ነው፤ ነገር ግን «ትንሽ ትንሽ» የሚለው ቃል መምህርቷን ዳግመኛ ያሳስታቸዋል ብዬ እሰጋለሁ። ማተሚያ ቤት ለረጅም ዓመታት ስለሠራሁ ይህን ኮፍያ ቀለምና የወረቀት ብናኝ ጠጉሬ ላይ እንዳይወርድ በየቀኑ አጥፌ አደርገው ነበር፤ የማተሚያ መኪና ሠራተኞች የሚያደርጉት አራት ማዕዘኑ የጋዜጣ ቆብ የዚሁ ቀላል ኮፍያ ቀጣይ ነው።

ጎኖቹ ሲታጠፉ የሚጠበው ታችኛው ክፍል ብቻ ነው። ከላይ ያለው ሦስት ማዕዘን እንደነበረው ረጅም ሆኖ ስለሚቀር፣ የአፉ ዙሪያ ከራሱ ዙሪያ በጉልህ ከበለጠ ኮፍያው እንደ ቀድሞው ወርዶ ቅንድብ ይሸፍናል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ጭማሪ አይጨምርም፤ አፉ ራሱን ጨብጦ እንዲይዝ ልክ የግማሹን ያህል ማድረግ አለበት። ለ51 ሴንቲሜትር ራስ 26 ሴንቲሜትር ይበቃል፤ ከ43 ላይ 26 ሲቀነስ 17 ይቀራል፣ ከእያንዳንዱ ጎን 8 ተኩል ሴንቲሜትር ይታጠፋል ማለት ነው። ይህም ትንሽ አይደለም።

ጎኖቹ ሲታጠፉ የፊቱ ክፈፍ ዞሮ ወደ ኋላ ይመጣና እንደ ቀበቶ ይሆናል። በኋላ የቀረውን ልቅ ወረቀት ሁለት የታች ማዕዘኖቹን ወደ ውስጥ ሰብስበው ወደ ላይ ያጥፉት፤ ጠርዙንም በቀበቶው ሥር ይሸጉጡት። ከዚያ ረጅሙን ጫፍ ወደ ታች አጥፈው እዚያው ይሸጉጡ። አሁን አውራ ጣቶችዎን በአፉ ውስጥ አስገብተው ፊቱንና ኋላውን ያራርቁ፣ ቀድሞ ተኝቶ ከነበረበት በተቃራኒው አቅጣጫ እስኪተኛ ድረስም ይክፈቱት። ከላይና ከታች ሁለት ሹል ጫፎች ይወጣሉ፤ እነሱን ወደ መሃል አጥፈው በቀበቶው ሥር ይሸጉጧቸው። መልሰው ሲከፍቱት አናቱ ጠፍጣፋ፣ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ቆብ ያገኛሉ። አናቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ራስ እዚያ ይቆማል እንጂ ኮፍያው አይወርድም።

ስለ ቀለሙ ደግሞ፣ የጋዜጣ ቀለም በአብዛኛው በሙቀት አይደርቅም፤ ወረቀቱ ውስጥ እየሰረገ ነው የሚደርቀው። ስለዚህ ሲታሽ፣ ይልቁንም ላብ ሲነካው፣ ይለቃል። አዲስ ጋዜጣ ከከረመው ይብሳል። ለልጆቹ 8 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ነጭ የወረቀት ጥብጣብ ቆርጠው በኮፍያው አፍ ውስጥ ዙሪያውን ያኑሩና ግማሹን ከክፈፉ እጥፋት ሥር ይሸጉጡት፤ ግንባር የሚነካው ነጩ ይሆናል። እርስዎም አጥፈው ሳይጨርሱና እጅዎን ሳይታጠቡ ነጩን ጥብጣብ አይንኩት፣ ያለዚያ ድካሙ ከንቱ ነው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው መልስ መሠረት 28 ሴንቲሜትር እጥፋት ይዤ ሁለት ቅጠል ደርቤ ሠራሁ፤ ኮፍያው ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ነጩንም ጥብጣብ አስገባሁበት። አራት ማዕዘኑን ቆብ ለራሴ ሞከርኩት፣ ሁለት ሹል ጫፎቹ ጋ ስደርስ አንድ ጊዜ ተሳስቼ በሁለተኛው ሆነልኝ።

ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። አንደኛው ልጅ ራሱ 54 ሴንቲሜትር ስለሆነ ኮፍያው አናቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይወድቅበታል። ሌላው፣ ልጆቹ ራሳቸው ማጠፍ ስለሚፈልጉ ስፈቅድላቸው ብዙዎቹ ሁለቱንም ክፈፍ በአንድ ወገን አጠፏቸው፤ እንዲህ ሲሆን አፉ የሚከፈት አይሆንም።

የመጀመሪያው መልስ ሰጪ

ለዚያ ልጅ ድርቡን ወረቀት በመሃል እጥፋቱ ላይ አይቁረጡት፤ ከአንዱ ዳር 30 ሴንቲሜትር ለክተው ይቁረጡ። ቀድሞ የነበረው የመሃል እጥፋት ከዳሩ 2 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ ይታያል፣ ግን ምንም አይጎዳም። የቀረው 26 ሴንቲሜትር ቁራጭ ራሱ 48 ሴንቲሜትር ለሚሆን ትንሽ ልጅ ይሆናል። የ30ው ክፈፍ ትንሽ ጠበብ እንደሚል ብቻ ይወቁ፤ ሲታጠፍ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

ስለ ክፈፉ፣ ማዕዘኖቹ መሃል ላይ ከተገናኙ በኋላ ልጁ ከግርጌ በኩል እጁን በሁለቱ ንብርብሮች መካከል እስከ አንጓው ያስገባ። ከእጁ በላይ ያለው ንብርብር መጀመሪያ ይታጠፋል፤ ከዚያ እጁን ሳያወጣ ወረቀቱን ይገልብጠውና አሁንም ከእጁ በላይ የሆነውን ያጥፍ። ሁለት ቅጠል የደረቡ ስለሆነ ግን ከግርጌ የሚታዩት ጠርዞች አራት ናቸው፤ ልጆቹ ሁለት ሁለቱን አብረው እንዲይዙ፣ ማጠፍ ከመጀመራቸው በፊት እርስዎ ጥንዶቹን ዳርና ዳር በትንሽ ፕላስተር ያያይዙላቸው።