የ30-06 ቀለሃን ለ8×57 ሞዘር መቀየር፦ አረር ሲገባበት ቦልቱ ለምን አይዘጋም?

ዝናር (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት አሜሪካ ነው፤ ከአገር ቤት ተሽጠው እዚህ ከገቡት አሮጌ ጠመንጃዎች አንዱ፣ የቤልጂግ ኤፍ ኤን ሞዘር፣ አለኝ። የሚተኩሰው 8×57 የሚባለውን የጥይት ዓይነት ነው። የሌላው ጥይት፣ የ30-06፣ ቀለሃ እንደ ልብ ይገኛል፤ የ8×57 ግን ውድ ነው። በመጋዝ 58 ሚሜ ላይ ቆርጬ፣ ቅባት ቀብቼ በ8×57 ዳይ (ቀለሃውን ጨምቆ ቅርጽ በሚሰጥ የብረት ቅርጽ ማውጫ) አወጣሁትና 56.8 ላይ አስተካከልኩት። ባዶው ቀለሃ ጠመንጃው ውስጥ ይገባል፣ ቦልቱም ይዘጋል። ባሩድና ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) ሳይኖረው አረር ብቻ ስከትበት ግን ቦልቱ አልዘጋ ይላል። አንገቱ ከነአረሩ በውጭ 9.06 ሚሜ ነው፤ በዚሁ ጠመንጃ የተተኮሰ የፋብሪካ ቀለሃ አንገት ደግሞ 9.02። ትከሻውን (ገላው ወደ አንገቱ የሚጠብበትን) ወደ ታች ልግፋው ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ቶርኖ
ትከሻውን እንዳትነካው! ባዶው ከዘጋ ትከሻው ደህና ነው። የወፈረው አንገቱ ነው፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው። በ30-06 ላይ ትከሻው ከቂጡ (ፕራይመሩ ካለበት ጫፍ) 49.5 ሚሜ ገደማ ላይ ይጀምርና 53.5 ላይ ያልቃል። የ8×57 አንገት ግን የሚጀምረው ወደ 48 አካባቢ ነው። ስለዚህ የአዲሱ አንገት የላይኛው ሦስት ሚሜ ያህል ብቻ ነው ከድሮው አንገት የመጣው፤ የታችኛው ድሮ ትከሻና ገላ የነበረ ነው። እዚያ ጋ ናሱ ወፈር ይላል፣ ዳዩ ሲያጠበው ደግሞ ይብስበታል። አፉ ላይ ብትለካው ደህና ይመስልሃል፣ ወደ ትከሻው ዝቅ ብለህ ስትለካው ነው ጉዱ የሚወጣው።

በኃይል ገፍተህ እንዳትዘጋው። ሲተኮስ አንገቱ የሚሰፋበት ቦታ ካጣ አረሩን አይለቅም፣ ግፊቱም በድንገት ይንራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከተተኮሰው ቀለሃ አንገት ቢያንስ 0.06 ያነሰ ይሁን፦ 9.02 ሲቀነስ 0.06፣ 8.96። ከዚያ ላይ የአረሩን 8.20 ቀንሰህ ለሁለት ክፈለው፤ 0.38 ሚሜ ይመጣል። የአንገቱ ግድግዳ ዙሪያውን ከዚህ መብለጥ የለበትም። ያንተ አሁን 0.43 ነው።

አሠራሩ፦ መጀመሪያ አንገቱን በእሳት አላላው። ከዚያ በማንድሬል (አንገቱ ውስጥ በሚገፋ ልሙጥ የብረት ዘንግ) አስፋው፤ ዳዩ ውስጥ ያለው ኳስ ወደ ላይ ሲጎተት አንገቱን ያጣምመዋል፣ ማንድሬል ግን ቀጥ አድርጎ ይገፋዋል። ማንድሬሉ ውስጡን ሲያስተካክል ውፍረቱ ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል። አሁን በአንገት መላጫው ከውጭ ላጠው። በአንድ ጊዜ 0.05 አትቁረጥ፣ በሁለት ዙር ውሰደው። መቁረጫው አንገቱና ትከሻው የሚገናኙበትን ቦታ ነካ ብቻ አድርጎ ይቁም፤ ካልነካው ውፍረቱ ቀለበት ሆኖ እዚያው ይቀራል፣ ጠልቆ ከገባ ደግሞ ሲተኮስ አንገቱ ከዚያ ላይ ይበጠሳል። በመጨረሻ ዳይ ውስጥ አስገብተህ፣ ቅባቱን አጥበህ፣ ያንኑ ባሩድና ፕራይመር የሌለው ሙከራ ድገመው።

ናስ ቀጥቃጭ
ቶርኖ ያለው ልክ ነው። «ባዶው ይዘጋል» የሚለው ግን ብቻውን አይበቃኝም። ትከሻው ከመጠን በላይ ወደ ኋላ የተገፋ ቀለሃም እኮ ባዶውን ሲሆን ደስ ብሎት ይዘጋል። ዳዩን መጀመሪያ ሦስት ሚሜ ከፍ አድርገህ እሰር፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እያወረድክ ጠመንጃው ላይ ሞክረው። መርፌውን ከነሞላው ከቦልቱ አውጣ፣ አለዚያ የሞላው ግፊት ስሜቱን ይደብቅብሃል። እጀታው መጨረሻ ላይ ትንሽ ያዝ ካደረገ እዚያው ቁም። እጀታው በራሱ ክብደት ከወደቀ አልፈኸዋል፤ ያ ቀለሃ ሲተኮስ ከቂጡ በላይ ይሳሳል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ለሁለት ይከፈላል። ምልክቱ ከቂጡ በላይ ዙሪያውን የሚታይ የሚያበራ ቀለበት ነው። ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አስገብተህ ውስጡን ፈትሽ፤ ሽቦው ጎድጓዳ ላይ ከያዘ ጣለው።

ሞዘር ላይ ሌላም አለ። ቀለሃውን በእጅ ጨምረህ ቦልቱን ከኋላ አትግፋው፣ ጥፍሩ (ቀለሃውን ስቦ የሚያወጣው የቦልቱ ክፍል) የቀለሃውን ጠርዝ ዘሎ ለመያዝ ሲታገል የተሳሳተ ስሜት ይሰጥሃል። መጀመሪያ ጠርዙን ከጥፍሩ ሥር አንሸራትተህ አስገባ።

ዲሞትፈር
ስለ ማላላቱ ልጨምር። አንገቱና ትከሻው 400 ዲግሪ ገደማ ይበቃቸዋል፣ ቀለሃው በነበልባሉ ላይ እየተሽከረከረ ጥቂት ሰከንድ ነው። በብርሃን ውስጥ ቦግ ብሎ ቀልቶ ካየኸው አልፏል። ትልቁ አደጋ ሙቀቱ ወደ ቂጥ መውረዱ ነው፤ ቂጡ የላላ ቀለሃ ግፊት አይችልም፣ ጋዙ ወደ ፊትህ ነው የሚመጣው። ውሃ ውስጥ መጣሉ ናሱን አያጠነክረውም፣ ሙቀቱ እንዳይወርድ ያቆመዋል እንጂ።

ቂጡ ላይ አሁንም 30-06 ተብሎ ነው የተጻፈው። 8×57 ከ30-06 ስለሚያጥር የ30-06 ጠመንጃ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ 8.20 አረር በ7.82 በርሜል ሊያልፍ ነው ማለት ነው። ቂጡን በቀለም ምልክት አድርግ፣ ሣጥኑን ለይ።

የወታደር ቀለሃ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ውስጡ ስለሚጠብ ግፊቱ ይጨምራል። ከመመሪያው ዝቅተኛ መጠን ጀምር። የፕራይመሩ ቤት ዙሪያ ተቀጥቅጦ ከታሰረ ሳታጸዳው አዲስ ፕራይመር አትጫን። ጠመንጃውንም ቢሆን ባለሙያ ሄድስፔሱን (ከቦልቱ ፊት እስከ ቀለሃው ትከሻ ማረፊያ ያለውን ርቀት) ይለካልህ፤ ዕድሜው ብዙ ነው።

አሜሪካ ለራስህ ብትሠራ ፈቃድ አትጠየቅም፣ ለመሸጥ ግን የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋል። አገር ቤት ሆኖ ይህን የሚያነብ ካለ አይሞክረው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 አለ።

ዝናር
እጅግ አመሰግናለሁ። ታች ስለካው እውነትም 0.43፣ አፉ ላይ 0.38 ነው። የ270 ዊንቸስተር ቀለሃም አለኝ፣ ይሆናል?

ቶርኖ
ይሆናል፣ ቂጡ ያው ነው። ግን የድሮው አንገት ለ7.04 አረር የተሠራ ስለሆነ በአንዴ ወደ 8.20 ካሰፋኸው አፉ ይሰነጠቃል። ከቆረጥክ በኋላ አላላው፣ መጀመሪያ ለ30-06 አረር በሚሆነው ማንድሬል አስፋው፣ ቀጥሎ ለ8×57 አረር በሚሆነው። የተሰነጠቀውን ለማትረፍ ደጋግመህ አትሞርደው፤ 56.8ህን ይበላብሃል።