ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ አልደርቅ ያለ የደረት አጥንት ቁስል፦ ቲቢ ቢሆንስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን ባልደረቦች። ቫልቭ ከተቀየረ ከወራት በኋላ ስፌቱ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ መግል ሲወጣ፣ ካልቸሩ (ጀርም የማሳደግ ምርመራው) ባክቴሪያ ካላሳየና አንቲባዮቲክ ካልሠራ፣ ለቲቢ ምን ናሙና ይላክ? ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት) ለሚወስድ ሰውስ ሪፋምፒሲን (ዋና የቲቢ መድኃኒት) እንዴት ይሰጣል?

መልስ 1፦ በስዋብ (በጥጥ ተጠርጎ በሚወሰድ ናሙና) ብቻ አትተማመኑ፤ ባሲሎቹ (የቲቢ ጀርሞቹ) ጥቂት ስለሆኑ ያመልጣሉ። ከአጥንቱና ከቀዳዳው ግድግዳ ይቆረጥና ለሁለት ይከፈል፦ አንዱ በፎርማሊን ለፓቶሎጂ (ለሕብረ ሕዋስ ምርመራ)፣ ሌላው በንጹሕ ኖርማል ሳላይን ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ዘረመል ለሚፈልግ ፈጣን ምርመራ) እና ለካልቸር። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ይገባና ካልቸር መሥራት አይቻልም። ፈሳሽ ካልቸር እስከ 6 ሳምንት ይጠበቅ።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ። ስሚሩ (በማይክሮስኮፕ የሚታየው ምርመራ) አዎንታዊ ሆኖ ጂን ኤክስፐርት አሉታዊ ከሆነ ቲቢ ያልሆነ ማይኮባክቴሪያም (የቲቢ ጀርም ዘመድ) አስቡ፤ ሕክምናው ይለያል። የሞተ አጥንትና የላላ የደረት አጥንት ማሰሪያ ሽቦ ካለ ይውጣ፤ አለዚያ መድኃኒቱ ብቻውን አያደርቀውም።

መልስ 3፦ ለአጥንት ቲቢ 2 ወር አራቱ መድኃኒቶች (ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል)፣ ከዚያ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ፤ በጠቅላላው 9–12 ወር። ሪፋምፒሲን የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያነቃ ዋርፋሪን ቶሎ ይሰበራል፣ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳየው ቁጥር) ይወርዳል፣ የብረት ቫልቭ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይኤንአር ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይለካ፤ ዋርፋሪኑ 2 እጥፍና ከዚያ በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። እባካችሁ ሪፋምፒሲን ሲያበቃም አትርሱ፦ የኢንዛይሙ ኃይል በ2 ሳምንት ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከፍ ያለው መጠን እንዳለ ከቀጠለ ታካሚው ይደማል።