ከተራን ከእናቴና ከልጆቼ ጋር የት ሆነን እንይ?

ደብረ ብርሃን ነን። ጥር 10 ለከተራ እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ መውጣት አስቤያለሁ። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ የምትሄደው በምርኩዝ ነው። ትንሹ ልጄ ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

አምና አስፋልቱ ዳር ቆመን ጠበቅን። መጀመሪያ ደህና ነበር። ታቦቱ ሲቃረብ ግን ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች ሰዉን ወደ ኋላ መለሱት፤ ግፊያው በረታ። እናቴ እልልታውን ሰማች እንጂ ምንም አላየችም። ባጃጅ እንዳንይዝ መንገዱ ተዘግቷል። ዘንድሮ በቴሌቪዥን እይው ብላት ተቆጣችኝ፤ እውነቷን ነው። ማታ ደግሞ የከተማችን ብርድ ይታወቃል፤ ባሕረ ጥምቀቱ ጋ ማምሸት አንችልም።

አዛውንትና ሕፃን ይዛችሁ የምትወጡ፣ ታቦቱ ሲነሳ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መጠበቅ ይሻላል ወይስ ቀድሞ ባሕረ ጥምቀቱ ጋ ቦታ መያዝ?