የዐለት መውጫ ጫማ ለልጅም ሁለት ቁጥር ይቀነስ?

የልጅ እናት፣ አውሮራ

ሰላም ለሁላችሁ። የ12 ዓመት ልጄ ዘንድሮ የክላይምቢንግ ቡድን ገባ። አሠልጣኙ «የኪራይ ጫማ ይብቃው፣ የራሱን ግዙለት» አለን። የዘወትር ጫማው 40 ቁጥር ነው። «ለዚህ ስፖርት 38 ነው የሚገዛው። ጣቶቹ ካልታጠፉ ጫማው ሥራ አይሠራም» ተባልን። ገዛን። ልጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ትንፍሽ አላለም። ባለፈው ቅዳሜ ካልሲውን ሲያወልቅ አየሁት። የአውራ ጣቱ ጥፍር ከሥሩ ጠቁሯል፣ ተረከዙ ተልጧል። «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «ሁሉም እንደዚህ ነው» አለኝ። ጫማው መጥበብ አለበት የሚባለው እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ለልጅም ነው?

አሥር ዓመት በገመድ፣ ዴንቨር

እህቴ፣ አይዞሽ። ጥፍሩ በጣም ያሳዝናል። ግን አሠልጣኙ ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። እኛ ሰፈር ክሊር ክሪክ ካንየን ሄደሽ ብታዪ፣ ከእርሳስ የማይወፍር ጠርዝ ላይ በአውራ ጣት ጫፍ ነው የሚቆመው። ጫማው ውስጥ ክፍተት ካለ እግር ወደፊት ይንሸራተታል። ጎማው ይታጠፋል፣ ሰውየው ይወድቃል። ጣት በትንሹ ሲታጠፍ ኃይሉ ሁሉ ጫፉ ላይ ይሰበሰባል። እኔ የዘወትር ጫማዬ 43 ነው። ላ ስፖርቲቫ ሶሉሽን የሚባለውን የመውጫ ጫማ ግን 40 ተኩል ነው የማደርገው። መጀመሪያ ሰሞን የእግር እሳት ሆኖብኝ ነበር። አሁን እንደ ጓንት ነው። በሰፊ ጫማ የጀመረ ልጅ እግሩን ማመን አይለምድም። ሁሉን ነገር በእጁ ይጎትታል።

ጫማ ሻጭ፣ ዴንቨር

ይህን ጫማ ሰው እግር ላይ እያስለካሁ ነው የምውለው፤ ስለ ቁጥሩ ልናገር። በአውሮፓ ቁጥር አንዱ ከሚቀጥለው የሚለየው በሁለት ሦስተኛ ሴንቲሜትር ነው። 6.67 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከ40 ወደ 38 ሲወረድ ከርዝመቱ 13 ሚሊሜትር ያህል ይቀነሳል። የትንሿ ጣት ጥፍር ስፋት ከዚያ ያነሰ ነው።

ይህ ግን በወረቀት ላይ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ እግራችሁ ሳይሆን ስለ ፎርማው ነው። ጫማ ሰሪው ቆዳውን የሚወጥርበት የእግር ቅርጽ ማለቴ ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ፎርማ አለው። አንዱ ፋብሪካ ራሱ ለየሞዴሉ ሌላ ሌላ ፎርማ ይጠቀማል። ላ ስፖርቲቫ የሚገዛ ብዙ ሰው ከዘወትር ቁጥሩ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ይወርዳል። ስካርፓ ላይ ብዙ ጊዜ ግማሽ ወይም አንድ ይበቃል። ኢቮልቭ ላይ የዘወትር ቁጥራቸውን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ «ሁለት ቁጥር ቀንሱ» ያለ ሰው የየትኛውን ጫማ እንደሆነ ካልነገራችሁ ምንም አልነገራችሁም።

እህቴ፣ የገዛሽው የቱን ነው? ቆዳ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ?

የልጅ እናት፣ አውሮራ

በኢንተርኔት ነው ያዘዝነው፤ ሳይለካው። ሳጥኑ ላይ ሲንተቲክ ይላል። አፍንጫው ወደታች ቆልመም ያለ ነው። «ትንሽ ይታገስ፣ ይሰፋል» ብለውን ነበር።

ጫማ ሻጭ፣ ዴንቨር

አይሰፋም። ገበር የሌለው ቆዳ እስከ አንድ ቁጥር ሊለቅ ይችላል። ገበር ያለው ቆዳ ከዚያ ያንሳል። ሲንተቲክ ቢበዛ ግማሽ ቁጥር ነው፤ አንዳንዱ እሱንም አይሰጥም። ቆልማማው ደግሞ የተሠራው ለተንጋለለ፣ ከላይ ወደ ወጪው ለሚያጋድል ግድግዳ ነው። ጀማሪ ልጅ የሚወጣው ቀጥ ያለውን ወይም ዘንበል ያለውን ነው። ለጥ ያለ ሶል ይበቃዋል።

የእግር ነርስ፣ ሲያትል

አሥር ዓመት በገመድ የተባልከው ወንድሜ፣ በአክብሮት ነው፤ አልስማማም። የጠቆረው ጥፍር ከሥሩ ደም ቋጥሯል ማለት ነው። በክሊኒካችን የጠቆረ ጥፍር፣ ሥጋ ውስጥ የገባ ጥፍር፣ መገጣጠሚያው ላይ ያበጠ አውራ ጣት ይዘው የሚመጡ ዐለት ወጪዎችን አያለሁ። የስፖርት ሐኪሞችም ለዓመታት በጠባብ ጫማ የወጡ ሰዎች አውራ ጣታቸው ወደ ሌሎቹ እንደሚጣመም ደጋግመው ጽፈዋል። ትልቅ ሰው ይህን አውቆ ከመረጠ ምርጫው ነው። የ12 ዓመት ልጅ አጥንት ግን ገና እያደገ ነው። የእግሩ አጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ማደጊያ ክፍል ገና ለስላሳ ነው። እሱ ላይ በየልምምዱ መጫን ምን ይባላል?

ከጥፍሩ ይልቅ ያሳሰበኝ ደግሞ «ሁሉም እንደዚህ ነው» ያለው ነው። ልጁ ሕመሙን የደበቀው ሕመሙ የስፖርቱ አካል ነው ተብሎ ስለተነገረው ነው።

የገራልታ ልጅ፣ ለንደን

እኔ ደግሞ ሁላችሁንም ልጠይቅ። ያደግሁት ሐውዜን አካባቢ ነው። አቡነ የማታ ጉሕ መጀመሪያ የወጣሁት በ9 ዓመቴ ነው፣ ከአባቴ ኋላ። ቀጥ ያለው ገደል ሥር ሲደረስ ጫማ ይወልቃል። በባዶ እግር ነው የሚወጣው። እናቶች ሕፃን አዝለው ለክርስትና ይወጡበታል። ካህናቱ በነጠላቸው ሽቅብ ሲሉ ደረጃ የሚወጡ ነው የሚመስሉት። አባቴ «ጣትህን ዘርግተህ ያዘው» ይለኝ ነበር። ዐለቱን በእግሬ ጣቶች ማለቱ ነው። ጣት አጥፎ መርገጥ ኃይል ይሰጣል ስትሉ ስሰማ ይገርመኛል። የሰው እግር ያለ ጫማም ይይዛል።

ከድሬስደን

የገራልታው ወንድሜ እውነቱን ነው። እዚህ እኛ ጋ የኤልበ አሸዋ ድንጋይ አለ። በርንድ አርኖልድ የሚባለው ትልቅ ዐለት ወጪ እጅግ ከባድ መንገዶችን በባዶ እግር በመውጣት ነው የታወቀው። ፈረንሳይ ፎንተንብሎ ውስጥም ሻርል አልቤር የሚባል ዐለት ወጪ በባዶ እግር ይወጣል። ሁለቱም ቦታ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ እንደ ገራልታ። ድንጋዩ ሻካራ ስለሆነ ቆዳ ይይዘዋል። የገራልታው መርገጫ ደግሞ ከብዙ ዘመን እግር የተነሳ ጎድጉዷል፤ ሙሉ ጣት ይገባበታል። ጂም ውስጥ ያለው የፕላስቲክ መርገጫ ግን አንዳንዱ ለስላሳ ነው፣ አንዳንዱ የባቄላ ፍሬ ያህል ነው። እዚያ ጎማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጫማ ይቅር አልልም። ግን ዘርጋ ባለ ጣት የሚሠራ ጫማ አለ።

አሥር ዓመት በገመድ፣ ዴንቨር

የቱ ነው እሱ? ዘርጋ ባለ ጣት ትንሽ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው አላየሁም።

ጫማ ሻጭ፣ ዴንቨር

ቲሲ ፕሮን ታውቀዋለህ። ላ ስፖርቲቫ ከታዋቂው ዐለት ወጪ ከቶሚ ካልድዌል ጋር የሠራው፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነው ጫማ። ሶሉ ደረቅ፣ የማይተጣጠፍ ነው፤ ቅርጹ ለጥ ያለ ነው። ዐለት ወጪው አሌክስ ሆኖልድ በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ያለውን ኤል ካፒታንን ያለ ገመድ ሲወጣ ያደረገው እሱን ነው። አራት ሰዓት ገደማ ፈጀበት፤ ገደሉ ወደ 900 ሜትር ነው። የቆመባቸውን ጠርዞች ታውቃለህ። እዚያ የጠቀመው የሶሉ መድረቅ ነው። ጫማው ደረቅ ከሆነ ጣት መታጠፍ የለበትም። ጫማው ለስላሳ ሲሆን ነው ጣት ራሱ መድረቅ ያለበት።

አሥር ዓመት በገመድ፣ ዴንቨር

ይህን ልቀበል። ግን ቲሲ ፕሮ ስንጥቅ ውስጥ እግር እየሸጎጡ ቀኑን ሙሉ ለሚወጣ መንገድ ነው። በተንጋለለ ግድግዳ ላይ፣ ተረከዝን እንደ መንጠቆ ማያያዝ ሲያስፈልግ አይረዳም። እዚያ ጠበቅ ያለ ጫማ ግድ ነው። የልጁ ቡድን ውድድር ሲገባ ይህ ይመጣል። ለአዋቂ የምለውን አልቀይርም።

ስለ ልጅ ግን ነርሷ ያለችው ከትናንት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔ ስጀምር 27 ዓመቴ ነበር። እግሬ ማደጉን ጨርሷል። የኔን ልምድ ለ12 ዓመት ልጅ መስጠቴ ልክ አልነበረም።

የእግር ነርስ፣ ሲያትል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። እህቴ፣ የጥፍሩ ሕመም እስኪለቀው ጠባብ ጫማ አታስደርጊው። ሕመሙ ከባሰ፣ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካየሽ ለሐኪም አሳዪው።

ጫማ ሻጭ፣ ዴንቨር

ሱቅ ስትሄዱ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ቀኑን ሙሉ የዋለ እግር አበጥ ይላል፤ ጠዋት ልክ የነበረ ጫማ ማታ ይጠብባል። ያለ ካልሲ ይለካ፤ ሁለቱንም እግር። ቆሞ ጣቶቹ የጫማውን ጫፍ ይንኩ እንጂ አይጨማደዱ። ጥፍሩ አስቀድሞ ይቆረጥ። ከዚያ ተረከዙን በጣትሽ ጫን በዪው። አየር ያለው ጫማ ውስጡ ሲጎደጉድ ይሰማሻል፤ እንደ ባዶ ጆንያ ነው። ያ ጫማ ቁጥሩ ቢያንስም አይሆንም። ረጅም ጫማን ቁጥር በመቀነስ ማስተካከል ይቻላል፤ ሰፊ ተረከዝን ግን አይቻልም። ብዙ ሰው ተረከዙ ሲሰፋበት ቁጥር እየቀነሰ ጣቱን ይጎዳል። ሌላ ሞዴል ነበር መለካት ያለበት።

የጣቶቹንም ቅርጽ እዪ። አውራ ጣቱ ነው የሚረዝመው ወይስ ሁለተኛው? ሁለተኛው ከሆነ ጫፉ ወደ አውራ ጣት የሾለ ጫማ ሁልጊዜ ያመዋል። ለልጅ ከሚሠሩት ውስጥ አንዱ ልክ ሁለት ቁጥር የሚይዝ አለ። 32/33 ተብሎ የተጻፈበት ዓይነት። ተረከዙን ማጥበቅም ማላላትም ይቻላል። ያንቺ ልጅ ከዚያ ቁጥር አልፏል እንጂ ለታናናሾቹ ጥሩ ነው።

የልጅ እናት፣ አውሮራ

ዛሬ ሱቅ ሄድን። አራት ዓይነት ለካ። ሁለተኛ ጣቱ ነው የሚረዝመው፤ አስተውዬው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የወደደው 39 ነበር፤ ተረከዙ ላይ ጎደጎደ። ሌላው 40 ራሱ ልክ ሆነለት። ለጥ ያለ፣ በክር የሚታሰር። ሻጩ ሱቅ ውስጥ ያለችው ትንሽ ግድግዳ ላይ አስቆመው። አንድ የተጠቀለለ ብር የሚያህል ጠርዝ ላይ ቆሞ «እማ፣ አይንሸራተትም» አለኝ።

አሠልጣኙን አነጋገርኩት። ደስ አላለውም። «ለውድድር ጠበብ ያለ ያስፈልገዋል» አለ። ዕድሜው ሲደርስ እንነጋገራለን ብዬ ተመለስኩ።

አሥር ዓመት በገመድ፣ ዴንቨር

ልምምድ ላይ አዲሱን ጫማ ስንት ሰዓት ሳያወልቅ ቆየ?

የልጅ እናት፣ አውሮራ

አንድ ሰዓት ተኩል። ሌሎቹ ልጆች ከየመውጣቱ በኋላ ጫማቸውን እያወለቁ ምንጣፉ ላይ እግራቸውን ያሻሉ። እሱ ጫማውን እንዳደረገ ተቀምጦ ውሃውን ጠጣ።